አቤት ያልተባለ ጥሪ

የሰናፍር መንግሥት ክፉ ቀን በጦርነት አልጀመረም፤ በራብም አልጀመረም። በዘውድ በዓል ማለዳ፣ ሕዝቡ በወርቀምባ አደባባይ ተሰብስቦ እልል ሊል ሲጠባበቅ፣ ሉባሩ አመድ ለብሶ ወጣ።

ሉባር ምን እንደሆነ ላላየው ሰው መንገር ይከብዳል። ቁመቱ ከትልቅ ድመት አይበልጥም። ገላው እንደ ዓሣ በቅርፊት የተሸፈነ ነው፤ በራሱ ላይ የላባ ጉትዬ አለው፤ በጎንና በጎኑ ደግሞ ማንም ተዘርግተው አይቷቸው የማያውቅ፣ ከገላው ጋር የተጣበቁ ክንፎች አሉት። ባሕር አቋርጠው የመጡ ነጋዴዎች ገና በእንቁላሉ ሳለ ለንጉሥ መብረቁ አበረከቱት። በሰናፍር ምድር ከእርሱ በቀር ሌላ ሉባር አልነበረም፤ እናቱን ያየ የለም፤ አባቱን ያየ የለም። ፀሐይ ስታርፍበት ቀይ፣ ወርቅማና አረንጓዴ እየሆነ ይለዋወጥ ስለነበር ቀስቶ ብለው ሰየሙት፤ የመንግሥቱም ዕድል በቅርፊቱ ላይ ተጽፏል ብለው አመኑ። ሰው ያልገባውን ነገር ዕድል ነው ማለት ይወዳል።

በሰናፍር የሕግ ሁሉ አባት አንድ ነው፦ የተጠራ አቤት ይበል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የየቤቱ አባወራ ወይም እማወራ ከደጃፉ ቆሞ ቤተሰቡን በስም በስሙ ይጠራል። የተጠራውም፣ ከእርሻም ይሁን ከገበያ፣ ካለበት ሆኖ «አቤት!» ይላል። ያን ጊዜ ከተማዋ ከዳር እስከ ዳር በአቤት ትሞላለች። ተጠርቶ ዝም ያለ ሰው ግን ስሙ ዳግመኛ በሰው አፍ አይነሣም። ከሙት ይቆጠራል፤ እንዲያውም ሙት ይሻላል፣ ሙት ቢያንስ በለቅሶ ይጠራልና።

አይናዲስ ወላጆቿን በወረርሽኝ ያጣች፣ በቤተ መንግሥቱ የአራዊት ግቢ ያደገች ወጣት ነበረች። በጥሪ ሰዓት ሰው ሁሉ ወደ ደጃፉ ጆሮውን ሲያቀና እርሷ የጎሾቹን በረት ትጠርግ ነበር። የሚጠራት አልነበረም። እንቁላሉን በጉያዋ አቅፋ የፈለፈለችው እርሷ ናት፤ ቀስቶም አድጎ በጠነከረ ጊዜ፣ አንድ ቀን በዚያው በጥሪ ሰዓት አንገቱን መዝዞ አፏጨ። ሁለት ቀጭን፣ አንድ ወፍራም። አይናዲስ መጥረጊያዋን ጥላ «አቤት!» አለች። እያለቀሰች ነበር ያለችው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀስቶ በጠራ ቁጥር አቤት ትላለች፤ ትሮጣለች፤ ታቅፈውና ከምድጃው ዳር ታሞቀዋለች። ያ ፉጨት የእርሷ ጥሪ መሆኑን ከተማው ሁሉ አወቀ። እንግዳ አክባሪ ሕዝብ ነውና፣ ሉባሩ ሲያፏጭ ከየመስኮቱ «አቤት! አቤት!» ይጎርፍለት ጀመር። በምድር ላይ እንደ እርሱ የተከበረ እንስሳ አልነበረም።

አሁን ግን ቅርፊቱ ደብዝዞ ዓይኑ ወተት ለበሰ። መብላት ተወ። ሲተነፍስ ጎኑ ያፏጫል።

ያልተጠራ መድኃኒተኛ የለም። የከብት አዋቂው መጥቶ «ያመሰኳል ወይ?» ብሎ ጠየቀ፤ አያመሰኳም ሲሉት «እንግዲያስ በሽታው እሱ ነው» ብሎ ሄደ። የግመል አዋቂው ብረት አግሎ ሊተኩሰው መጣ፤ አይናዲስ በመጥረጊያ እንጨት አባረረችው። የበግ አዋቂው ከጆሮው ደም ላፍስስ ብሎ ጆሮውን ፈልጎ አጣ። መንገደኛው ሁሉ በጉትዬው ላይ ቅቤ ይቀባል፣ ፌጦ ያስሸትተዋል። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል፤ በወርቀምባ በዚያ ሰሞን ቡዳው በዛ።

ያልመጣ አንድ ሰው ቢኖር የንጉሡ የፈረስ ሐኪም ባልደራስ ጎንጤ ነበር። አይናዲስ ራሷ ከጋጣው ድረስ ሄደች። ሽማግሌውን የአንዲት በቅሎ ሰኮና እየጠረበ አገኘችው።

«አባቴ፣ እርስዎ ብቻ ቀሩ» አለችው።

«ልጄ፣ የቀረሁት ስለማከብርሽ ነው» አለ ቀና ሳይል። «እኔ ሰኮና ነው የማውቅ። የንጉሡን ጣዎስ እንደ በቅሎ አክሜ ገድያታለሁ። እስካሁን በሕልሜ እየመጣች ታየኛለች። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር አልነካም።»

«ታዲያ ማን ይንካው?»

ጎንጤ ቢላዋውን አስቀመጠ። «ከነጋዴዎቹ የሰማሁት አለ። ከማሚቶ ሸለቆ ወዲያ፣ በነጭ ተራራ ጉሮሮ ውስጥ፣ እመት ስንዱ የምትባል ሴት አለች አሉ። ላም አታክምም፤ ፈረስ አታክምም። ባገሩ ያልተወለደ፣ ወገን የሌለው እንስሳ ብቻ ነው የምታክመው። ግን ልጄ፣ ከሰናፍር ሰው ሸለቆውን አልፎ የተመለሰ የለም።»

በማግስቱ የንጉሡ ኮከብ ቆጣሪዎች በዙፋኑ ፊት ቆመው ፍርዳቸውን አሰሙ። «ንጉሥ ሆይ፣ ምልክቱ ግልጽ ነው። ሉባሩ ሞቱን ይዟል። በቅጥራችን ውስጥ ከሞተ መንግሥቱ አብሮት ይሞታል። ነፍሱ ሳትወጣ ከገደል ይወርወር!»

ያን ጊዜ አይናዲስ ከሕዝቡ መካከል ወጥታ በግንባሯ ተደፋች። «ንጉሥ ሆይ፣ ሺህ ዓመት ይንገሡ! እንስሳው ታሟል እንጂ አልረገመንም። ሐኪሙን ስላላገኘንለት ሞቱን አንፍረድበት። ቀን ይስጡኝ፤ የሚያውቀውን ሰው ፈልጌ አመጣለሁ፤ ካልመጣ እንስሳውን እወስድለታለሁ።»

ንጉሡ ደግ ሰው ነበር፤ ነገር ግን ደግነቱ ከፍርሃቱ አይበልጥም ነበር። «እስከ መከር በዓል ሰጥቼሻለሁ» አለ። «የእልፍኝ ጦረኛዬ ማንደፍሮ አብሮሽ ይሄዳል። ዓይኔም ጆሮዬም እርሱ ነው። ቀኑ ካለፈ ወይም እንስሳው ሊሞት ካጣጣረ፣ ባለበት ከገደል ይወረውረዋል። አንቺስ በምን ትምያለሽ?»

«ሌላ ነገር የለኝምና በስሜ እምላለሁ። ከሰናፍር ሕግ አንዱን እንኳ ብጥስ፣ ስሜ ከሰው አፍ ይጥፋ።»

ከኋላ ከመኳንንቱ አንዱ «ማንም የማይጠራው ስም ምን መያዣ ይሆናል?» ብሎ ሲያንሾካሹክ ሰማችው። እውነት ስለነበረ አመማት።

ሦስት ሆነው ወጡ። ባልደራስ ጎንጤ «የጣዎሷን ዕዳ ልክፈል» ብሎ በሁለት በቅሎ ተከተላት። ማንደፍሮ፣ ዝምተኛና ረጅም ሰው፣ ጦሩን ተሸክሞ ከኋላ ይሄዳል፤ ገደል ባዩ ቁጥር ዓይኑን ወደ ሌላ ያዞራል። ቀስቶ በበግ ለምድ በተደለደለ ቅርጫት ውስጥ ነበር። ሲያፏጭ አይናዲስ «አቤት» ትላለች፤ ሁለቱም ለአክብሮቱ ይደግሙላታል። ባሉት ቁጥር እንስሳው ይነጥርና መልሶ ይኮራመታል።

በደጋው መተላለፊያ ላይ አንድ ማለዳ ከቅርጫቱ አጡት። ፍለጋ ሲሯሯጡ ውርጭ የጋገረበት ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ፣ ጎኑን ከሻካራው እያፋተገ አገኙት። ዓይኑ ጥርት ያለ መሰለ። አይናዲስ ግን ጩኸቷን ለቀቀችው፤ አንስታ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው፤ በጋቢ ላይ ጋቢ ደረበችለት። «በብርድ ሊሞት ነበር!» አለች። ማንም አልተቃወማትም። ያላወቁ አለቁ የሚባለው ለክፉ ሰው ብቻ አይደለም።

ከዚያ የማሚቶ ሸለቆ ደረሱ። ግራና ቀኙ እንደ ግንብ የቆመ ጥቁር ገደል ነው፤ መካከሉ ላይ ለአንድ በቅሎ ብቻ የምትበቃ መንገድ ትሄዳለች። የሸለቆው አስማት ሰይፍ የለውም፤ ጥርስ የለውም። ሰውን በሚወደው ሰው ድምፅ በስሙ ይጠራዋል። አቤት ያለ እግሩ ለራሱ አይታዘዝለትም፤ ድምፁን ተከትሎ ወደ ጥልቁ ይገባል። የሌላ አገር ሰው ጥርሱን ነክሶ ያልፋል። የሰናፍር ሰው ግን ተጠርቶ እንዴት ዝም ይላል?

ባልደራስ ጎንጤ ለረጅም ጊዜ አሰበ። በመጨረሻ «አፉ የታሰረ ሰው አልመለሰም ተብሎ አይከሰስም» አለ፤ በሕግ አጥር መካከል ቀዳዳ ያገኘ ጠበቃ መሰለ። «እኔንና ማንደፍሮን አፋችንን በሻሽ፣ እጃችንን በመጫኛ እሰሪና በበቅሎዎቹ ላይ ጫኝን።»

«አንቺንስ ማን ያስርሻል?» አለ ማንደፍሮ።

«እኔን የሚጠራኝ የለም» አለች አይናዲስ።

አስራቸው ቅርጫቱን በጀርባዋ አዝላ በቅሎዎቹን ሳበች። ጥቂት እንደገቡ ሸለቆው ተናገረ። «ጎንጤ! ጎንጥዬ! እራቱ ቀዘቀዘ እኮ!» አለ፣ ከሞተች ብዙ ዘመን የሆናት ሚስቱ ድምፅ። ሽማግሌው በበቅሎው ላይ ተወራጨ፤ እንባው በሻሹ ላይ ወረደ። «ማንዴ! ወንድሜ፣ ጥለኸኝ አትሂድ!» አለ ሌላ ድምፅ፤ ያ የማይበገር ጦረኛ እንደ ሕፃን አቃሰተ። አይናዲስ ልጓሙን ጨብጣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል ሄደች።

ግን ልቧ ሌላ ነገር ያደርግ ነበር። ጆሮዋን አቅንታ ትጠብቅ ነበር። እናቷን አታስታውስም፤ ድምፅዋን እንኳ አታውቀውም፤ ቢሆንም ምናልባት፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ስሜን ቢለው ብላ ተመኘች። ገደል ያስገባል የተባለውን ጥሪ ናፈቀች። ሸለቆው መንገደኛን ሁሉ ይጠራል፤ እርሷን ግን አልጠራትም። ዳር ወጥታ የጓደኞቿን አፍ ስትፈታ፣ ሁለቱ የሚያለቅሱት ስለሰሙት ነበር፤ እርሷ ስላልሰማችው አለቀሰች።

በነጭ ተራራ ጉሮሮ ውስጥ ያለው የእመት ስንዱ ቤት ከሩቅ ይሸታል፤ ጭቃ፣ ላባ፣ ሬንጅ። ዓለቱ በብዙ ክፍል ተፈልፍሏል። አንደኛው እንደ ቆላ ይፋጃል፤ እዚያ ቀንዳም እባብ ተጠቅልሎ ያንቀላፋል። ሁለተኛው ከጣሪያው ውሃ ያንጠባጥባል፤ እዚያ ጀርባው የተሰነጠቀ ዔሊ በሬንጅ ተጠግኖ ቅጠል ያኝካል። ሌላው በአሸዋ ብቻ የተሞላ ነው፤ ውስጡ ምን እንዳለ አልታየም፤ አሸዋው ግን ይተነፍሳል።

እመት ስንዱ አጭር፣ ቀጭን፣ ቁጡ አሮጊት ነበረች። ሰላምታቸውን ሳታስጨርሳቸው ቅርጫቱን ከፈተች።

«ዘገያችሁ። ሁሉም የሚመጣው ከዘገየ በኋላ ነው። ምን ላይ ይተኛል?»

«በበግ ለምድ ላይ፣ ከምድጃው አጠገብ። ብርድ ነክቶት አያውቅም፣ እመት።»

አሮጊቷ ዓይኗን ጨፈነች። «በግ አይደለም! ክንፍ ያበቀለ በግም አይደለም! ምን ይበላል?»

«ዓሣ፣ በለስ። ሰዉ ደግሞ ማር ያቀምሰዋል።»

«ማሩ ይቅር። ሲያፏጭስ ምን ትሉታላችሁ?»

ባልደራስ ጎንጤ ደረቱን ነፋ አደረገ። «እመት፣ እኛ የሰናፍር ሰዎች ነን። አንድም ቀን ሳይመለስለት ቀርቶ አያውቅም። ከተማው በሙሉ አቤት ይለዋል።»

«በሙሉ?»

«ከንጉሡ እስከ ዘበኛው!»

እመት ስንዱ በድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። «እንግዲያስ ከተማው በሙሉ ነው ያነቀው» አለች። ጥፍሯን ከቀስቶ አንገት ሥር ሰድዳ አመዳማውን ቆዳ በጥቂቱ ብድግ አደረገችው። ከሥሩ፣ እንደ ፍም፣ ቀይና ወርቅማ ብርሃን ብልጭ አለ። «አልታመመም። የሚጥለው ቆዳ ነው፤ ከልክላችሁት ደርቆበት እያነቀው ነው። ሉባር ባገሩ ብቻውን ይኖራል። ቆዳው የሚወልቅበት ጊዜ ሲደርስ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ፈልጎ ይጣራል። ቆዳውን ሲጥል ገላው እንደ አራስ ልጅ ለስላሳ ነው፤ ጉንዳን እንኳ ይበላዋል። ስለዚህ አስቀድሞ እዚህ ማን አለ ብሎ ይጠይቃል። የመለሰለት ካለ ቆዳውን አጥብቆ ይይዛል። ዝም ካሉት ይጥለዋል።»

አይናዲስ ወደ ቅርጫቱ ጎንበስ አለች። «እኔን ነበር የሚጠራኝ» አለች።

«አንቺን አይደለም፣ አንቺ ልጅ። ማንም አለመኖሩን ነበር የሚጠይቀው።»

በዕድሜዋ ሙሉ አንድ ጥሪ ነበራት፤ እርሱንም አሁን ወሰዱባት። ወደ ደጅ ወጥታ ቆመች። ከወላጆቿ ሞት በኋላ እንዲህ ብቻዋን ሆና አታውቅም። ተመልሳ ስትገባ ግን የጠየቀችው ስለ ራሷ አልነበረም። «ይድናል?» አለች።

«ከመከር በፊት ሊድን ይችላል። ከተራራው ሥር ቀዝቃዛ ክፍል አለኝ፤ እርጥብ የድንጋይ ሽበት አለው፤ ብርሃን አይገባውም። ከላይ በዓለቱ ስንጥቅ ውሃ ይወርድለታል። ቆዳው ከደረቀ ይሞታል፤ ውሃ ከበዛበት ሳንባው ይሞላል። መቼ እንደሚፈስ የሚነግርሽ ድምፁ ነው፤ ሲደርቅ የሚያፏጨውና ሲያመው የሚያፏጨው አንድ አይደለም። እኔ አልለየውም። የምትለዪው አንቺ ነሽ። እያንዳንዱን ጥሪ ትሰሚያለሽ፤ አንዱንም አትመልሺም። አንድ ጊዜ አቤት ካልሽ ቆዳውን ይይዝና በውስጡ ይሞታል።»

ባልደራስ ጎንጤ ወደ ፊት ቀረበ። «እመት፣ ልጅቷ በስሟ ምላለች። ተጠርታ ዝም ካለች...»

«ስም እኔ አላክምም» አለች እመት ስንዱ።

ጎንጤ ልማድ አፉን እንዳያስከፍተው በቅሎዎቹን ይዞ ከተራራው ወረደ። ማንደፍሮ የንጉሡ ጆሮ ነበርና ቀረ። አይናዲስ በክፍሉ አናት ላይ፣ በስንጥቁ አጠገብ፣ ውሃ የሞላ እንስራ ይዛ በደረቷ ተኛች። ጉሙ ተራራውን ሸፍኖት ነበር።

ቀስቶ ጠራ። ሁለት ቀጭን፣ አንድ ወፍራም።

ነጠላዋን ነከሰች። ጥሪው እንደገና መጣ፤ ጫፉ ሻከር አለባት፤ ደርቋል። ውሃውን በቀጭኑ ለቀቀች። ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ። ከዚያ እንደ ገና ጠራ፤ አሁን ግን የሚጠይቅ አይመስልም ነበር፣ የሚለምን ይመስል ነበር። እንዲህ ያፏጨው አንድ ቀን ጎሾቹ አስደንግጠውት ሳለ ነበር። ያኔ ሮጣ ደርሳለታለች። አሁን በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ሆና አልደረሰችለትም። ቀኑ እየሄደ፣ ጉሙ እየወፈረና እየሳሳ፣ ድምፁ እየተሰነጠቀ መጣ። ማንደፍሮ ጦሩን በሁለት እጁ ጨብጦ ፊቱን ወደ ዓለቱ አዞረ።

«ሊሞት ነው» አለ በሹክሹክታ። «አይናዲስ፣ አቤት በይው። ቢያንስ ብቻውን አይሙት።»

ራሷን ነቀነቀች። በልቧ ግን ለእያንዳንዱ ጥሪ መልሳለች። አቤት፣ ቀስቶዬ። አቤት፣ እዚህ ነኝ። አቤት፣ አቤት። ከንፈሯ ደማ፤ ድምፅ አልወጣትም። ከዚያ ጥሪው ቆመ። ዝምታው እንደ ሸለቆው ዝምታ ነበር፣ ሁሉን ጠርቶ እርሷን እንደተዋት። ማንደፍሮ የንጉሡን ትእዛዝ አስታውሶ ወደ ታች ሊወርድ ተነሣ። እጁን ያዘችው።

ከታች፣ ደረቅ ወረቀት ሲቀደድ የሚመስል ድምፅ ተሰማ።

ሉባሩ ከዋሻው አፍ ሲወጣ ማለዳ ነበር። አመዱ ከኋላው እንደ አሮጌ ቀሚስ ወድቋል። ቀለሙ ቀድሞ ከነበረው ሁሉ የደመቀ ነበር፤ ከጎኑ ተጣብቀው የኖሩት ክንፎች ተላቅቀው፣ እርጥብና ሰፊ ሆነው ተንቀጠቀጡ። አይናዲስ በእመት ስንዱ ትእዛዝ ከዓለት ጀርባ ተደብቃ ነበር። አላያትም። አልፈለጋትምም። ክንፉን ፀሐይ አስመታ፤ ሲደርቅለት ከገደሉ ላይ ራሱን ለቀቀ፤ ማንም ሳይወረውረው፣ ወደ ሰማይ።

ማንደፍሮ በአይናዲስ ፊት ተንበረከከ። «ለንጉሡ ምን ልበል?» አለ። «ሕጉ ለተጠራ ሰው ነው። አሮጊቷ ነግራናለች፤ እንስሳው አንቺን ጠርቶ አያውቅም። ይህን ልናገር። ካልተጠራሽ ሕግ አልጣስሽም። ስምሽ ይተርፋል።»

እውነትም መውጫው ይህ ነበር፤ ንጹሕ መውጫ። አይናዲስ የወደቀውን ቆዳ አየችው። መጥረጊያዋን ጥላ የሮጠችበትን ቀን አሰበች።

«እንዲህ በል» አለች። «ተጠራች፤ ሰማች፤ ዝም አለች።»

«አይናዲስ!»

«ጠርቶኛል፣ ማንደፍሮ። ለእርሱ ጥያቄ ይሁን፤ ለእኔ ጥሪ ነበር። ስሜን ለማትረፍ ብዬ ማንም ጠርቶኝ አያውቅም አልልም። ያን ጥሪ ከሰጠኋችሁ ምን ይቀረኛል?»

ባልደራስ ጎንጤ ሲሰናበታት አቀፋት፤ «ልጄ» አለ፤ ከዚያ ስሟን ሊል አፉን ከፍቶ ዘጋው። ወሬው ከንጉሡ እስኪደርስ ቢጠራትም ባልተከለከለ ነበር፤ ሽማግሌው ግን ሕግ አክባሪ ነው። በበቅሎው ላይ ሆኖ እስኪርቅ ድረስ እየዞረ አያት። ሁለቱ ሸለቆውን እንዴት እንዳለፉ ሌላ ታሪክ ነው፤ በቅሎዎቹ መንገዱን ለምደውት ነበርና እነርሱ ይመስገኑ።

በመከር በዓል ቀን፣ ኮከብ ቆጣሪዎቹ ማቅ ለብሰው ሲጠባበቁ፣ በወርቀምባ ላይ ሰባት ቀለም ያለው ጥላ አለፈ። ሕዝቡ ቀና አለ። ሉባሩ በከተማዋ ላይ አንድ ጊዜ ዞረና ወደ ባሕሩ ሄደ። እልልታው ቅጥሩን አናወጠው። ንጉሡም በደስታው መካከል ማንደፍሮን ጠርቶ «ያዳነችውን አምጣልኝ፤ ላክብራት» አለ። ማንደፍሮ እውነቱን ተናገረ። ንጉሥ መብረቁ ዘውዱን አውልቆ አለቀሰ፤ ግን ሕጉ የአባቶቹ ነበርና ስሟን ከሰው አፍ አጠፋ። ከዚህ በኋላ እኛም በስሟ አንጠራትም፤ ይህን የምንነግር የሰናፍር ሰዎች ነንና።

ከተማው ግን አልረሳትም። እስከ ዛሬ በጥሪ ሰዓት ማብቂያ፣ የመጨረሻው አቤት ከተሰማ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ለአፍታ ዝም ይላል። ለማን እንደሆነ ልጆች ቢጠይቁ አይነገራቸውም።

ልጅቷ በነጭ ተራራ ቀረች። ከእመት ስንዱ ሥር ሆና ተማረች፤ ለቀንዳሙ እባብ ምን ያህል ሙቀት፣ ለዔሊው ምን ያህል ውሃ እንደሚገባ። አሮጊቷ ስም አትይዝም፤ በሽተኞቿን «ስንጥቁ»፣ «ጉንፋኑ» እያለች ትጠራለች፤ እርሷንም «አንቺ ልጅ» ትላለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልጅቷ ከልማዷ የተነሣ በደጃፉ ትቆማለች። ተራራው ነጭ ነው፤ መንገዱ ባዶ ነው። ማንም አይጠራም። አንዳንድ ቀን ብቸኝነቱ እንደ ውርጭ ከእግሯ ጀምሮ ሽቅብ ይወጣባታል፤ ያን ጊዜ ገብታ የበሽተኞቿን ውሃ ትለውጣለች።

ዓመቱ ዞሮ ብርዱ ሲመለስ፣ በአንድ ጉማም ቀን፣ ከቀዝቃዛው ክፍል አፍ ላይ ከባድ ክንፍ ሲያርፍ ሰማች። በዓለቱ ጠርዝ አጮልቃ አየች። አድጓል፤ አንገቱ ከክንዷ ይረዝማል። ቀለሙ እንደ ገና አመድ መልበስ ጀምሯል። የምድርን ዋሻ ሁሉ ትቶ፣ ባሕር አቋርጦ፣ ወደዚህ መጥቷል። አንገቱን መዝዞ ጠራ።

ሁለት ቀጭን፣ አንድ ወፍራም።

ከዚያም ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። ማን እዚህ አለ ብሎ ነው የሚጠይቀው፤ ታውቃለች። ይህን ቦታ የመረጠውም የሚመልስለት እንደሌለ ስለሚያምን ነው። በዓለም ላይ እርሱን እስከዚህ የወደደ፣ ዝምም ያለለት፣ ሌላ ሰው አልነበረም። አቤት የምትለው ቃል እስከ ምላሷ ጫፍ መጣች። ልጅቷ በሁለት እጇ አፏን ይዛ፣ እያለቀሰችና እየሳቀች፣ ዋጠቻት።

ሉባሩ ትንሽ ቆየ። ምንም አልሰማም። ረክቶ ወደ ጨለማው ገባ።

እርሷም እንስራዋን አነሣችና፣ ኮቴዋ እንዳይሰማ ጫማዋን አውልቃ፣ ውሃ ልትቀዳ ወረደች።